በየዙሩ ዘጠኝ ደቂቃ

ያሬማ በሞተ በስምንተኛው ቀን ጠዋት፣ የመዝጋቢ መሣሪያውን ወረቀት ከሳጥኑ ቆርጬ ሳወጣ፣ ያሬማ ሦስት ጊዜ አንኳክቶ አገኘሁት።

አንድ ቦታ ብቻ ቢሆን የመሣሪያው ጣጣ ነው ብዬ እተወው ነበር። ወረቀቱን ወለሉ ላይ ዘርግቼ በጉልበቴ እየዳህኩ ስከተለው ግን አራት ቦታ ላይ አለ። በአራቱም ላይ ሦስት ሦስት ጉብታ፣ ስፋታቸው እኩል፣ ርቀታቸው እኩል። የመጨረሻው የተጻፈው ትናንት ማታ ነው። እናቱ ከተማ ውስጥ መስተዋቶቹን በጨርቅ ሸፍነው ለዘጠነኛው ቀን መታሰቢያ ስንዴ በሚዘፈዝፉበት ሰዓት ማለት ነው።

ኦዳርካ እባላለሁ፤ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ በቀላሉ የምደነግጥ ሴት አይደለሁም። የዚያን ዕለት ግን ከወረቀቱ ሸሽቼ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ።

ነገሩን ከሥሩ ላውራው።

የምሠራው ሜዳ ላይ ነው። ከካርኪቭ በባቡር ሁለት ሰዓት፣ ከመንደራችን ከቨርቢቭካ በእግር ግማሽ ሰዓት ርቆ፣ ሁለት ሺህ የብረት ምሰሶ ሽቦ ተሸክሞ በረድፍ ቆሟል። ነፋስ ሲመጣ ሽቦው ያንጎራጉራል። ጭጋግ ሲወርድ ምሰሶዎቹ አንድ ነገር የሚጠብቁ ሰዎች ይመስላሉ፤ የመንደራችን ሰው በዚያ በኩል ላም አይነዳም። እኛ እዚያ የምናደርገው ጁፒተርን ማዳመጥ ነው። አዎ፣ ሰማይ ላይ ያለውን። ግዙፉ ይጮኻል። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ሳደርግ መጀመሪያ የሚሰማኝ ባዶ ሹክሹክታ ነው፤ ከዚያ ማዕበል ጠጠር ላይ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ከሩቅ እየጎላ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ማንም ቆሞበት የማያውቅ ባሕር ነው። ብዕሩ ድምፁን በሚሳበው ወረቀት ላይ ይጽፈዋል፤ እኔ ሰዓቱን ከጎኑ እጽፋለሁ። ከእኔ በፊት እናቴ ሃና እዚሁ ወንበር ላይ ይህንኑ ትሠራ ነበር።

ጁፒተር በዘጠኝ ሰዓት ከሃምሳ አምስት ደቂቃ አንድ ጊዜ በራሱ ላይ ይዞራል። ዝንፍ አይልም። የሚጮኸው ጎኑ ወደ እኛ ሲዞር እንሰማዋለን። መቼ እንደሚዞር የሚናገር ሠንጠረዥ በመስታወት ተከድኖ ግድግዳችን ላይ ተሰቅሏል፤ ከሥሩ አዴላ ማርኪቭና የሚል ፊርማ አለበት። በእነዚያ ዓመታት መብራት በየቀኑ ይጠፋ ስለነበር መሣሪያውን የምንከፍተው ሠንጠረዡ ባለው ሰዓት፣ ለአርባ ደቂቃ ብቻ ነው። ከዚያ መዝጋት። ደንቡ ይኸው ነው።

አዴላ ማርኪቭና የያሬማ እናት ናቸው።

ያሬማ ከከተማ የመጣ የቀመር ሰው ነበር። ጫማው ለምንጣፍ የተሠራ፣ ሜዳችን ደግሞ ጭቃ። በመጀመሪያው ቀን አንዱን ጫማ ጭቃው ወሰደበትና በአንድ እግሩ እየዘለለ ደጃፌ ላይ ደረሰ። «ሌላኛውስ?» ስለው «እየመጣ ነው፣ ትንሽ ቀርፋፋ ነው» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልቤ የእኔ መሆኑ ቀረ። ሁለት ክረምት አብረን አዳመጥን። አንዱን ማዳመጫ ለሁለት ስለምንካፈል ጉንጫችን ይነካካል፤ ማዕበሉ ሲመጣ ሁለታችንም ትንፋሻችንን እንይዛለን። ሊያገባኝ እንደሚፈልግ ሲነግራቸው እናቱ የመለሱት አንድ ነገር ብቻ ነው አሉ፤ «ሜዳው ለጥናት ነው እንጂ ለትዳር አይደለም።»

ከዚያ ለአንድ ዓመት ወደ ደቡቡ በረዶ፣ የምድር ጫፍ ላይ ወዳለው ጣቢያ ተላከ። ሲሄድ በእጄ የሠራኋትን ትንሽ ሬዲዮ ሰጠሁት። የሾርባ ቆርቆሮ ታክላለች። መንትያዋ እኔ ዘንድ ቀረች። የሚሠሩት ግዙፉ በሚጮኽበት ሞገድ ብቻ ነው፤ መናገሪያ የላቸውም፣ እያንዳንዳቸው አንድ ቁልፍ ብቻ ነው ያላቸው።

«ይቺ ምን ትናገራለች?» አለኝ እያገላበጠ።

«ምንም። ታንኳኳለች።»

«መቼ?»

«ማዕበሉ ሲጀምር። አንተ እዚያ፣ እኔ እዚህ እየሰማነው። ሦስት ጊዜ ትጫናለህ፣ እኔም ሦስት እመልስልሃለሁ። ብዕሬ ከባድ ስለሆነ ቶሎ አትልቀቅ፤ እስከ አምስት ቁጠር።»

«ሰው እኮ ለሚወዳት ደብዳቤ ነው የሚጽፈው፣ ኦዳርካ።»

«ደብዳቤ ይዋሻል። ጁፒተር አይዋሽም።»

ግዙፉ በአምስት ዙሩ አንድ ጊዜ፣ ማለት በሁለት ቀን ገደማ፣ ከሁለታችንም ሰማይ ላይ በአንድ ጊዜ ይገኛል። ሰባት ወር ሙሉ ማዕበሉ በተነሣ ቁጥር ብዕሬ ሦስት ጉብታ ይሠራ ነበር። እሱ ሦስት፣ እኔ ሦስት። ባል ያላቸው ጓደኞቼ በሳምንት ያን ያህል ቃል አያገኙም።

በጥቅምት ሁሉም ነገር ጸጥ አለ። ሠንጠረዡ ባለው ሰዓት እከፍታለሁ፤ ባዶ ሹክሹክታ ነው። አርባ ደቂቃዬን ጨርሼ እዘጋለሁ። ማዕበል የለም፣ ማንኳኳትም የለም። የጁፒተር ዝምታ አልከነከነኝም፤ እሱም አንዳንዴ ያሸልበዋል። የያሬማ ዝምታ ግን አንጀቴን በላው። ማዕበል ባይኖርስ ሰዓቱን ያውቅ የለ? ሠንጠረዡን የሠሩት እናቱ አይደሉ? በዚህ መካከል አዴላ ማርኪቭና ስልክ ደወሉልኝ። «ልጄ ይሉኝታ አለበት፣ ቶሎ አይናገርም። መሰልቸቱ ግን አይቀርም፤ እንዳትጎጂ ብዬ ነው» አሉኝ፣ ማር በሚመስል ድምፅ።

በአራተኛው ዝምታ ደብዳቤ ጻፍኩ። በወር አንድ ጊዜ ለጣቢያው ሰዎች በሬዲዮ የሚነበብ መልእክት አለ። ወረፋ ይዤ እንዲህ አስነበብኩ፤ «ያሬማ፣ ከእንግዲህ አታንኳኳ። መስማት ትቻለሁ።» የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ። እኔ ያፈሰስኩት የሚለቀም አልነበረም።

በማግስቱ ያሬማ ብቻውን በበረዶው ላይ ወጣ። ከጣቢያው ማዶ ባሉት ትንንሽ ደሴቶች ላይ የተተከለውን መለኪያ ሊያይ ነበር። ጭጋግ ወረደ፤ ባሕሩ ላይ የረጋው በረዶ ከኋላው ተሰነጠቀ። በሦስተኛው ቀን ካፖርቱን ውኃ ላይ ሲንሳፈፍ አገኙት። ፍለጋው ቆመ። መንደሩም ከተማውም አንድ ነገር አወራ፤ የገደለው የዚያች ልጅ ደብዳቤ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእኔ ጆሮ ግን ሁሉንም ሰማ።

መጥፋቱን ከሰማሁ ጀምሮ መሣሪያውን አልዘጋሁትም። መብራት ሲሄድ ከአባቴ ትራክተር ባትሪ አውጥቼ ቀጠልኩበት። ሐዘን ያለበት ቤት መብራቱ አይጠፋም፤ ከያሬማ ጋር የነበረኝ ቤት ደግሞ ያ ብቻ ነው። ወረቀቱን ግን አላየሁትም። እየተጻፈ ሳጥኑ ውስጥ ይወድቅ ነበር፣ እስከ ስምንተኛው ቀን ጠዋት።

የሜዳው ዘበኛ አባባ ፓናስ ሻይ ይዘውልኝ ሲገቡ ጥግ ላይ ተኮራምቼ አገኙኝ። ወለሉ ላይ የተዘረጋውን ወረቀት አዩ። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«እስከ ዘጠኝ ቀን ነፍስ ከቤቷ አትርቅም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ባለቤቴ የሞተች ጊዜ ማንኪያዎቹ መሳቢያው ውስጥ ይንኳኩ ነበር። ውኃ አስቀምጪለት፣ ከላዩ ላይ ዳቦ። ጠምቶት ነው።»

«አባባ፣ ያለው እኮ አሥራ አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ ነው።»

«ለነፍስ መንገድ አይርቃትም። ብቻ እንዳትመልሺለት። ለሙት የመለሰውን ሙት ይከተለዋል።»

ብርጭቆውን ሞልተው፣ ቁራሽ ጥቁር ዳቦ ከላዩ ደፍተው፣ ከመንትያዋ ሬዲዮ አጠገብ አስቀመጡት። ውጭ ሽቦዎቹ ያንጎራጉራሉ። ብርጭቆው ውስጥ ውኃው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ከመሣሪያው ንዝረት ይሁን ከሌላ ነገር በዚያ ሰዓት መለየት አልቻልኩም። እጄ ሥራ ሲያጣ ስለሚብስብኝ፣ እንደ ልማዴ እርሳስ አንሥቼ ሰዓቶቹን መጻፍ ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ማዕበል ከሠንጠረዡ አርባ አምስት ደቂቃ ዘግይቷል። ሁለተኛው ዘጠና። ሦስተኛው መቶ ሠላሳ አምስት። አራተኛው መቶ ሰማንያ። በየመካከላቸው አምስት ዙር አለ። በየዙሩ ዘጠኝ ደቂቃ።

እርሳሱ ከእጄ ወደቀ። ጁፒተር ዝም ብሎ አያውቅም፤ ዘግይቶ ነበር። በጥቅምትም እንዲሁ። እኔ በሠንጠረዡ ሰዓት ከፍቼ በአርባ ደቂቃ እየዘጋሁ፣ እሱ ገና አፉን ሊከፍት ሲል ጆሮዬን ስነፍገው ኖሬአለሁ። ያሬማ አንድ ቀን ነግሮኝ ነበር። ከፀሐይ ነፋስ ይነፍሳል፣ የማይታይ፣ የማያቋርጥ። ያ ነፋስ ግዙፉን ራሱን ንቅንቅ አያደርገውም፤ በዙሪያው የለበሰውን የማይታይ ልብስ ግን ይጎትተዋል። ድምፁ ከዚያ ልብስ ዳር ሲመጣ ወደ ኋላ ይቀራል። አካሉ በሰዓቱ ይዞራል፣ ድምፁ ይዘገያል፤ ነፋሱ ሲበርድ ደግሞ ወደ ሰዓቱ ይመለሳል። «እናቴ ግን ይህን አትቀበልም» ብሎ ሥቆ ነበር።

ከዚያ ሁለተኛው ነገር ገባኝ። ሦስቱ ጉብታዎች አንድም ቀን በሠንጠረዡ ሰዓት አልመጡም። አራቱንም ጊዜ የተከተሉት ማዕበሉን ነው፣ የቱንም ያህል ይዘግይ።

«አባባ፣» አልኳቸው፣ «ሙታን ሰዓት ያውቃሉ?»

«ምን ይሰወራቸዋል? ሁሉን ያውቃሉ።»

«እንግዲያው ይሄ ሙት አይደለም። ይሄ እስኪሰማ የሚጠብቅ ሰው ነው። ጆሮ አለው። ጣት አለው። እስከ አምስትም እየቆጠረ ነው።»

አባባ ፓናስ ከብርጭቆው ላይ ዳቦውን አንሥተው በሉት።

ያሬማን ወደ በረዶው ለላከው የጉዞ ቢሮ ኃላፊ ደወልኩ። «ጣቢያው ራሱ እዚያው አጠገቡ ሆኖ ያልሰማውን አንቺ ከዚህ ሰማሽ?» አለኝ። ሬዲዮ ለሚያውቅ ይህ እንቆቅልሽ አይደለም፤ ያ ሞገድ ሰማይ ነክቶ ሲመለስ ቅርብ ያለውን ዘሎ ሩቅ ያለው ላይ ነው የሚያርፈው። አስረዳሁት። ሳይነጫነጭ ሰማኝ፣ ይህን አልክድም። «ነገ ማታ በደሴቶቹ በኩል የምታልፍ መርከብ አለች» አለ በመጨረሻ። «ካለፈች ለሁለት ሳምንት ሌላ የለም። በአንቺ ቃል ግን መርከብ ላስቆም አልችልም። ዶክተር አዴላ ይናገሩ፣ አስቆማለሁ።»

ደሴቶቹ ላይ ያለችው የቆርቆሮ ጎጆ አንድ ሣጥን ብስኩት አላት። ያሬማ ከመሄዱ በፊት ነግሮኝ ነበር። ስምንት ቀን ከእሱ በልቷል።

በማግስቱ ጠዋት ከእናቴ ደጅ የቀሩትን ነጫጭ አበቦች ቆረጥኩ። እናቴ በመስኮት ቆጠረቻቸው።

«አምስት ናቸው። ለመታሰቢያ ስድስት አድርጊው እንጂ።»

እኛ ዘንድ ጥንዱ ለሙት፣ ጎዶሎው ለሕያው ነው፤ ሕፃን ልጅ እንኳ አይሳሳተውም።

«አምስት ነው የምወስደው፣ እማ።»

ወደ ጓዳ ገብታ በጨርቅ የተጠቀለለ ያረጀ ደብተር ይዛ ወጣች። «ይህንንም ውሰጂላቸው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ነው ያስቀመጥኩት። ቀዩን እርሳስ ያስታውሱት ይሆናል።»

በባቡሩ ውስጥ ገልጬ አየሁት። ካነበብኩ በኋላ እስከ ከተማ ድረስ በመስኮት ወደ ውጭ እያየሁ አለቀስኩ፣ ለእናቴ።

ዓይኔን በጨው አጥቤ አራተኛ ፎቅ ወጣሁ። በሩን የከፈቱት አዴላ ማርኪቭና ራሳቸው ናቸው። ጥቁር ሻሽ አስረዋል፤ በስምንት ቀን ውስጥ ፊታቸው ላይ የቀረው ዓይን ብቻ ነው። ከኋላቸው መስተዋቱ ነጭ ጨርቅ ለብሷል፤ የያሬማ ፎቶ ፊት ውኃ የሞላ ብርጭቆ፣ በላዩ ዳቦ። ዓይናቸው ፊቴ ላይ አረፈ፣ ከዚያ አበባው ላይ። ከንፈራቸው ሲቆጥር አየሁ።

«አምስት ነው» አሉ።

«አምስት ነው።»

«በልጄ ዘጠነኛ ቀን፣ ቤቴ ድረስ መጥተሽ ትቀልጂብኛለሽ?»

«አልቀለድኩም። ለሕያው የሚሰጠውን ነው ያመጣሁት።»

ውስጥ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡት እንግዶች ማንኪያቸውን አቆሙ።

«መስማት ትቻለሁ ብለሽዋል» አሉ። ድምፃቸው እንደዚያን ጊዜው ማር አልነበረም። «ጣቢያው ቃል በቃል ልኮልኛል። በማግስቱ ወጣ። አሁን ደግሞ ምን ቀረሽ?»

«እሱን ልክድ አልመጣሁም። እስክሞት የራሴ ጥፋት ነው። ግን እሱ አልተወም፣ አዴላ ማርኪቭና። መስማት ትቻለሁ ላለችው ሴት እስከ ትናንት በስቲያ ማታ እያንኳኳ ነው።»

በማር የተቀቀለውን ስንዴ ወደ ዳር ገፍቼ ወረቀቱን ጠረጴዛቸው ላይ ዘረጋሁት። መነጽራቸውን አደረጉ። ሐዘን ላይ ያለች እናት ወረቀት ስታይ ዶክተሯ ቀድማ ነቃች። ጣታቸው ማዕበሉ ላይ ሄደ፣ ሰዓቱ ላይ ሄደ፣ ቆመ።

«ይህ ጁፒተር አይደለም። ጁፒተር በዚህ ሰዓት አይመጣም።»

«በየዙሩ ዘጠኝ ደቂቃ ዘግይቷል።»

«ጁፒተር አይዘገይም። የሚዘገየው ተመልካች ነው። ተኝተሽ፣ ስትነቂ የመሰለሽን ሰዓት ጽፈሻል።»

ይህን ነበር የምጠብቀው። የእናቴን ደብተር ወረቀቱ ላይ አኖርኩት።

«እናቴንም እንደዚሁ ነው ያሏት። የመጋቢት አሥራ አንዱን ገጽ ይግለጡት። ዘጠኝ ደቂቃ። ቀጥሎ አሥራ ስምንት። ቀጥሎ ሃያ ሰባት። በየመስመሩ ላይ ቀይ እርሳስ አለ፤ የተመልካች ስሕተት ይላል። በአምስተኛው ቀይ መስመር ከሥራ ወጣች። እናቴ አልተኛችም፣ አዴላ ማርኪቭና። ቀን እንኳ ጋደም ብላ የማታውቅ ሴት ናት። ከሠንጠረዡ ይልቅ ጆሮዋን አምና፣ የሰማችውን ነው የጻፈችው።»

አዴላ ማርኪቭና ቀዮቹን መስመሮች በጣታቸው እስከ መጨረሻው ተከተሏቸው።

«ውጪልኝ» አሉ በቀስታ።

አበቦቹን ጫማ መደርደሪያው ላይ ትቼ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ሳለሁ ነው ደብተሩን መርሳቴ ትዝ ያለኝ። አልተመለስኩም። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ባዶ እጄን ሆኜ አላውቅም።

በዚያ ምሽት ጭጋጉ ሜዳው ላይ ተኛ። ሠንጠረዡ ለማዕበሉ የቀጠረው፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ፣ አልፏል፤ በእኔ ቁጥር ሁለት መቶ ሃያ አምስት ደቂቃ ተጨምሮበት ከምሽቱ አንድ ሰዓት ከሃያ አምስት ይሆናል። ባትሪው ሊያልቅ ነው። መርከቧ እያለፈች ነው። ስልኩን ደጋግሜ አየሁት፤ ለማን እንደምደውል ግን አላውቅም።

«ልጄ» አሉ አባባ ፓናስ ከበሩ። «ምሰሶ እየሄደ ነው።»

ወጣሁ። በረድፎቹ መካከል፣ በጭጋጉ ውስጥ፣ አንድ ቀጭን ጥቁር ነገር ከሌሎቹ ተለይቶ ይመጣል። ይቆማል፣ ይወዛወዛል፣ እንደገና ይመጣል። አባባ ፓናስ አማተቡ። እኔም ቀን ሙሉ ሕያው ነው ብዬ የተሟገትኩ ሴት፣ ያን ጊዜ ነፍሱ መጣች ብዬ ነበር። ፋኖሱ ሲደርስበት ጥቁር ሻሽ ሆነ፣ መነጽር ሆነ፣ በደረት የታቀፈ ደብተር ሆነ።

አዴላ ማርኪቭና አንድ እግራቸው ላይ ጫማ አልነበረም።

«ጭቃው ወሰደው» አሉኝ፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው። «ከየእቅፍ አበባው አንድ አንድ አውጥቼ፣ ጎዶሎ አድርጌ ነው የመጣሁት። እንግዶቹ አበደች ብለው ተያዩ።» ከዚያ በሩን አልፈው ገቡ። «ስንት ሰዓት ላይ ነው ያልሽው?»

«አንድ ከሃያ አምስት።»

«ሃና የምትቀመጠው የቱ ላይ ነበር?»

ወንበሩን አሳየኋቸው። ተቀመጡ። ራሳቸው ወደ ጉዞ ቢሮው ደውለው፣ «ስሙ፣ አትዝጉ፣ መስመሩ ላይ ጠብቁኝ» ብለው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አጋደሙት። ማዳመጫ ያለን አንድ ብቻ ነው። ጎን ለጎን ተቀምጠን ተካፈልነው። ጉንጫቸው ጉንጬን ነካው፤ ቀዝቃዛ ነው፣ ረጥቧል።

አንድ ከሃያ አምስት ሆነ። ባዶ ሹክሹክታ። አንድ ከሃያ ስድስት። አባባ ፓናስ በሩ ላይ ባርኔጣቸውን ይዘው ቆመዋል። አንድ ከሃያ ሰባት። አዴላ ማርኪቭና ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ እኔ ወረቀቱን እንኳ ማየት ፈራሁ።

ከዚያ ከሩቅ፣ ከሩቅ፣ ባሕሩ መጣ።

በሠንጠረዡ መሠረት ሊኖር የማይገባው ማዕበል ጆሯችን ውስጥ ተሰበረ፣ ተመለሰ፣ ተሰበረ። አዴላ ማርኪቭና እጄን ጨበጡ። ጥፍራቸው ገባብኝ። «ሃና» አሉ ለራሳቸው፣ «ይቅር በይኝ።»

ብዕሩ ተነሣ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ወረደ።

እንደገና ተነሣ። እስከ አምስት። ወረደ።

ሦስተኛው አልመጣም። ማዕበሉ ይሄዳል ይመጣል፣ ብዕሩ ግን እዚያው ነው። የብስኩቱን ሣጥን አሰብኩ። ትንሿን ባትሪ አሰብኩ፤ እኔ ነኝ የመረጥኳት፣ ለአንድ ዓመት ትበቃለች ያልኩት እኔ ነኝ። «ና» አሉ እናቱ፣ ሕፃን እንደሚጠሩ። «ና፣ ያሬማ። ና፣ ልጄ።»

ተነሣ። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት። አምስት። አልወረደም። ስድስት። ሰባት። አሥር። አልለቀቀም። ጣቱ ቁልፏ ላይ እንዳለ በወረቀቱ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ተሳበ፣ ቀስ በቀስ እየቀጠነ፣ እየደከመ። እዚያ ቆርቆሮ ጎጆ ውስጥ፣ አንድ ቃል መናገሪያ በሌላት ሬዲዮ፣ መስማት ለተወች ሴት ያለውን ሁሉ እየተናገረ ነው። መስመሩ ወደ ባዶው ሲወርድ እኔ ከእሱ ጋር መተንፈስ አቁሜ ነበር።

አዴላ ማርኪቭና ስልኩን አነሡ።

«አዴላ ማርኪቭና ነኝ። ሰምቼዋለሁ፣ በራሴ ጆሮ። ልጄ በሕይወት አለ። ሠንጠረዡን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ የተሳሳትኩትም እኔ ነኝ። መርከቧን አስቁሙ።»

ከወዲያ በኩል ኃላፊው «አሁኑኑ» ሲል ሰማሁት። ስልኩን አኖሩ። ከዚያ ሁላችንም አንድ ነገር ላይ ዓይናችን አረፈ፣ ከውኃው ብርጭቆ አጠገብ ያለችው መንትያ ሬዲዮ ላይ። ከጥቅምት ወዲህ መልስ አልሰጠሁበትም። ለሙት የመለሰውን ሙት ይከተለዋል ብለውኝ ነበር አባባ ፓናስ። ቀና ብዬ አየኋቸው፤ ፊታቸውን ወደ ጭጋጉ መለሱ።

ይከተለኝ አልኩ በልቤ። ከዚያ በረዶ ተነሥቶ እስከ ሜዳችን ጭቃ፣ እስከ ደጃፌ ድረስ ይከተለኝ። ቁልፏን ተጫንኩ፤ እስከ አምስት ቆጥሬ ለቀቅኩ። እንደገና ተጫንኩ፤ ለቀቅኩ። ለሦስተኛው እጄ አልታዘዝ አለኝ፤ ያን ጊዜ የአዴላ ማርኪቭና እጅ ከላይ መጥቶ በእጄ ላይ አረፈ።

ሦስተኛውን አብረን ተጫንን። አምስት ላይ ስንደርስ ማናችንም አልለቀቅንም።